ወፎች ጎጆ ሲወጡ

ሰሞኑን ከቢቸና አንዲት እህት የላከችልን ደብዳቤ እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ ካስተናገድናቸው የትዳር ጥያቄዎች ለየት ያለ ነው። ጭቅጭቁ ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ልጅም አይደለም። ስለ አንድ ዛፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓሯቸው በታች ጅረት ዳር የቆመ ትልቅ ሾላ አለ። በሾላው ባላ ላይ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ትልቅ የጭራሮ ቁልል አለ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከዚያ ቁልል ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚያንኮራፋ ድምፅ ይሰማል። አንድ ምሽት ፊቱ ነጭ የሆነ ጉጉት ከውስጡ ወጥቶ ሲበር ታየ። አብረዋቸው የሚኖሩት የባለቤቷ እናት ጉጉት የገባበት ግቢ ሰው አይበረክትበትም ብለው እንቅልፍ አጡ። ባለቤቷም እናቱን ለማሳረፍ ብሎ ዛፍ ቆራጭ አነጋገረ፤ ቀብድም ሰጠ። እርሷ ግን ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ልብስ የምታጥበውም ብቻዋን የምትጸልየውም ከዚያ ሾላ ሥር ነው። ስለ ዛፍ ብዬ ከአማቴ ጋር ልጣላ ወይስ ዝም ልበል ስትል ትጠይቃለች።

እህታችን፣ መልሳችን አጭር ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩና ቆራጩ ሦስት ወር ይታገሥ። ለምን ሦስት ወር እንዳልን ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ የጎጆውን ባለቤት ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉጉት እንዲህ ያለ ጎጆ አይሠራም። ያን ጭራሮ የቆለለው ሌላ ወፍ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ በጅረትና በኩሬ ዳር ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ከዶሮ ያነሰ፣ ሁለንተናው ቡናማ፣ ከራሱ በስተኋላ ጉትዬ ያለው ወፍ ነው። ጉትዬውና ምንቃሩ በአንድነት ሲታዩ ራሱን መዶሻ ያስመስሉታል። በውጭ አገር ሐመርኮፕ የሚሉትም ስለዚህ ነው፤ መዶሻ ራስ ማለት ነው። ከውኃ ዳር እንቁራሪትና ትናንሽ ዓሣ እየለቀመ ይኖራል።

ይህን ጎጆ ባልና ሚስቱ አብረው ይሠሩታል። አስቀድመው በጠንካራ ባላ ላይ ጭራሮ ረብርበው ወለል ያበጃሉ። ቀጥለው ግድግዳውን ዙሪያውን ያነሣሉ፤ በመጨረሻ ጣራ ይደፉበታል። መግቢያው ወደ ታች ያዘነበለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ከዚያ አጭር መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው በኋላ ሁለቱም ከነልጆቻቸው የሚይዝ ክፍል ይገኛል። ውስጡን በጭቃ ይመርጉታል። የጎጃም ሰው ቤቱን ማግሮና መርጎ እንደሚከድነው ያለ ሥራ ነው። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሲያልቅ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። በአንዳንዱ ጎጆ ከ8,000 በላይ ጭራሮ እንደሚገባ የገመቱ አሉ፤ ሁሉም በአፍ አንድ አንድ እየተባለ የመጣ ነው። ጣራው የሰው ክብደት ይሸከማል። (ልጆቻችሁ ይህን ካነበቡ ለመሞከር እንዳይወጡ ተቆጣጠሩ።)

የሚገርመው እነዚህ ጥንዶች በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጎጆ ሊሠሩ መቻላቸው ነው። እንቁላል የማይጥሉበትንም ጭምር ይሠራሉ። ትተውት ሲሄዱ ሌላው ይገባበታል። ንብ ይሰፍርበታል፤ እባብ ይተኛበታል፤ ጉጉት ይፈለፍልበታል። አንዳንዴ ጉጉቱ ባለቤቶቹን በጉልበት አስወጥቶ ይገባል።

ወደ ጉጉቱ እንመለስ። ፊቱ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው ከሆነ፣ በብዙ የዓለም ክፍል በጎተራና በጣራ ሥር የሚፈለፍለው ዓይነት ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን ለአንድ ወር ያህል ትታቀፋለች፤ በእነዚህ ቀናት ከጎጆዋ እምብዛም አትወጣም። ወንዱ ሌሊቱን ሁሉ እያደነ ይመግባታል። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ ልጆቹ ጥቂት እስኪጠነክሩ ድረስ የእርሷም የእነርሱም ቀለብ በእርሱ ጫንቃ ላይ ነው። እንቁላሎቹን በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየጣለች ከመጀመሪያው ጀምራ ስለምታቀፍ ልጆቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም። በአንድ ጎጆ ውስጥ ታላቅና ታናሽ በግልጽ የሚለዩ ጫጩቶች ይገኛሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ታላላቆቹ አንዳንዴ የድርሻቸውን ለታናናሾቹ እንደሚያካፍሉ አሳይተዋል። ምግብ በጠፋ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ትንሹ ነው። ልጆቹ ለመብረር ሁለት ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ የመታቀፊያው አንድ ወር ሲጨመርበት ሦስት ወር ያልነው ይህ ነው።

እማማን እንቅልፍ የነሣቸው ማንኮራፋትስ? እርሱ የጫጩቶቹ ድምፅ ነው። የዚህ ጉጉት ልጆች ሲርባቸው እንደ ሌሎች ጫጩቶች ጭው ጭው አይሉም፤ እንደሚያንኮራፋ ሰው እየሳቡ ይጮኻሉ። አባታቸው አይጥ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሌሊቱን ሁሉ ይህንኑ ያሰማሉ። በዚያ ሾላ ላይ ሲያቃስት የከረመው እራቱን የሚጠብቅ ልጅ ነው።

ጉጉትን መፍራት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። እኛም አማኞች ገድና ምልኪ ትተናል ብንልም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከጣራችን አጠገብ ሲጮኽ ልባችን ትንሽ ደንገጥ አይልም ብለን ብንናገር ውሸት ይሆንብናል። ስለዚህ እማማን ጥቅስ እየጠቀሳችሁ ለመርታት አትነሡ። በሽምግልና ዕድሜ ያሉ እናት በልጆቻቸው ፊት ተረትተው አያርፉም። ይልቁን ጠዋት ከእርሳቸው ጋር ወደ ሾላው ውረዱ። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያህሉ ጥቁር ድቡልቡል ነገሮች ወድቀው ታገኛላችሁ። ጉጉቱ አይጡን እንዳለ ይውጥና የማይፈጨውን አጥንትና ጸጉር አድቦልቡሎ መልሶ ይተፋዋል። አንዱን በእንጨት ፈልቅቃችሁ አሳዩአቸው፤ የአይጥ የራስ ቅል፣ መንጋጋና ጥርስ ይወጣል። ጤፍ በጎተራ ያስቀመጠ የቢቸና ሰው ይህን ካየ በኋላ የሚያስበው ሌላ ይሆናል። እማማ ከዚያ በኋላም ፈራሁ ካሉ ቢያንስ ልጆቹ በረው እስኪወጡ ይታገሡ ዘንድ ለምኑአቸው። እናት ናቸውና ልጅ አለበት ሲባሉ ይሰማሉ።

ይህ ከተነሣ አይቀር ለብዙዎቻችሁ የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ሰዎች ወፎችን የትዳር ምሳሌ ማድረግ እንወዳለን። ቋንቋችንም ይረዳናል፤ ሙሽሮች ጎጆ ወጡ እንላለን። ነገር ግን የወፍ ጎጆ የእኛን ቤት ዓይነት አይደለም። ለአብዛኞቹ ወፎች ጎጆ የልጆች አልጋ ነው። ልጆቹ ሲበሩ ይተዉታል፤ ራሳቸው በሌላው ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ያድራሉ። ደግሞም ሁሉም ጎጆ የሚያስተምረን ያሰብነውን አይደለም።

ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ስትሉ በአንድ ዛፍ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ጎጆዎች ተንጠልጥለው ታያላችሁ፤ የቢጫ ሸማኔ ወፎች መንደር ነው። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በሎስ አንጀለስ እነዚህን ወፎች እያረቡ ለብዙ ዓመታት አብረው አጥንተዋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ስለ ወፎች ጎጆ አሠራር መጽሐፍ በጋራ አሳትመዋል። በእነርሱ ምልከታ ወንዱ በመጀመሪያ ከአረንጓዴ ሣር ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በቀለበቱ ላይ ቆሞ ምንቃሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቲቱን ይጠራል። እርሷ ገብታ ሣሩን ሳብ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ እያመጣች ውስጡን ታነጥፋለች። ካልወደደችው ትወጣለች። ሳምንት ያህል የሚገባበት ጠፍቶ ሣሩ ሲደርቅ ወንዱ ራሱ ያፈርሰውና በቦታው አዲስ ይጀምራል። ወጣት ወንዶች የመጀመሪያ ሥራቸው የተንጋደደ ነው፤ በልምድ ይሻሻላሉ። በልጅነታቸው የሚሸምኑት ሣር ተከልክለው ያደጉት ደግሞ ኋላ ላይ መሸመን ከባድ ሆኖባቸው ተገኝቷል።

እስከዚህ ድረስ ለሠርግ ስብከት የሚሆን ነው። ችግሩ ቀጣዩ ነው፤ ይኸው ትጉህ ወንድ አንዷ እንደገባችለት ወዲያው ለሌላዋ ጎጆ መሥራት ይጀምራል። በአንድ ወቅት ከአንዲት በላይ ሚስት ይኖሩታል። በሠርግ ላይ ስለ ሸማኔ ወፍ የምትናገሩ ወንድሞች ምሳሌውን እስከ ግማሹ ብቻ ብታደርሱት ይሻላል።

በቢቸናና በሞጣ ከፍታ፣ ማለትም ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ በግቢያችሁ የምታዩት ሸማኔ ወፍ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ከመንጋ ይልቅ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል። ስሙ በዓለም መጻሕፍት ባግላፌክት ይባላል፤ ከሀገራችን የሄደ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ወፍ ያመጣውን ወሬ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ጸሐፊ ቡፎን መዝግቦታል። ቡፎን እንደጻፈው ይህ ወፍ ጎጆውን ጠምዝዞ ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ያንጠለጥላል፤ ብዙ ጊዜም ከውኃ በላይ ያደርገዋል፤ በሩን ደግሞ ዝናቡ ከሚመጣበት አቅጣጫ መልሶ ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለባለትዳሮች ብዙ የሚታይባት ዋኖስ ናት። ጎጆዋን የጣለችው ከጥድ ላይ ይሁን ከወይራ፣ ሥራው እምብዛም አያስደንቅም፤ ጥቂት ጭራሮ ተደራርቦ ከሥር ሲያዩት እንቁላሉ ሊታይ ይደርሳል። መታቀፉን ግን ባልና ሚስቱ ተካፍለውታል። በአብዛኞቹ የርግብና የዋኖስ ዓይነቶች ወንዱ ከረፋዱ እስከ ማምሻው ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ሌሊቱንና ማለዳውን ትይዛለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ሁለቱም በጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት ወተት የመሰለ ምግብ አውጥተው ያጎርሷቸዋል። አዎን፣ አባትየውም። እንቁላሉ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ወላጆች ደጋግመው ይመለሱባቸዋል። ቅያሬው በሚደረግበት ሰዓት ለማየት ረፋድ ላይ ቡናችሁን ይዛችሁ መቀመጥ ብቻ ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሄደ ደግሞ በዘጌ ደን ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመውን ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ይመልከት። ሴቲቱ በዛፍ ፍንክት ውስጥ ገብታ፣ ባሏ ውጦ በሚያመጣላት አፈር በሩን ከውስጥ ትመርገዋለች፤ ምንቃር ብቻ የምታሾልክ ስንጥቅ ትቀራለች። ከመቶ ቀን በላይ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ ያቀብላታል። እርሱ አንድ ቀን አልመጣም ቢል ምን እንደሚሆን ማሰብ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እንዲህ ያለ ወፍ ፍንክት ያለው አሮጌ ዛፍ ይፈልጋል። የሐመርኮፕ ጎጆም ቀጭን ባሕር ዛፍ ላይ አይቆምም። እኛ የምንተክለው ባሕር ዛፍ ቋሚና ወጋግራ ሲሆን ስለሚቆረጥ ለማርጀት ጊዜ አያገኝም። በጎጃምም ሆነ ከሞጣ በታች ከሰባራ ድልድይ ማዶ ባለው በደቡብ ጎንደር፣ አሮጌ የአገር ዛፍ በብዛት የቀረው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት ስለ እነዚሁ ደኖች ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር በ28 ቤተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዓይነቶች መዝግበዋል። ይህን ላቆዩ አባቶች ምስጋና ይገባቸዋል። የእኛስ የጸሎት ቤት ግቢ? ለመኪና ማቆሚያና ለድንኳን ቦታ ስንል የቆረጥነውን ብንቆጥር ብዙዎቻችን አንገት እንደፋለን። ሾላ ለማሳደግ የአንድ ሰው ዕድሜ ያስፈልጋል፤ ለመጣል ግን ግማሽ ቀን ይበቃል። ከቢቸና የጻፈችልን እህትም ስለ ዛፍ ብዬ ልጣላ ወይ ብላ መጠየቋ ትንሽ ነገር ሆኖ አይታየን።

አብራችሁ ለማየት የምትፈልጉ ባልና ሚስት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሁሉ ለእግር ጉዞ አላመች ላላችሁም ከደጃፋችሁ ያለው ይበቃል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ከጎጆው ሃያ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አትናገሩ። አንዳችሁ ወደ ጎጆው ምን እንደገባ፣ ሌላችሁ ስንት ሰዓት እንደገባ በደብተር ጻፉ። ወፏ በአፏ ምግብ ይዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ካልገባች፣ ወይም እየጮኸች ከበላያችሁ ከዞረች፣ የቀረባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ወደ ኋላ ሽሹ። ቅጠሉን ገልጣችሁ አትዩ፤ የሸፈናት እርሱ ነው፤ ስትሄዱ ቁራው ያያል። ወደ ቀዳዳ እጃችሁን አትስደዱ፤ እባብ ሊኖር ይችላል። ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው እንዳለ ትክክል አይደለም፤ ጎጆዋን የሚያስተዋት መላልሶ መረበሽ ነው። ከጎጆ የወደቀ፣ ላባ ያላወጣ ጫጩት ካገኛችሁ መልሳችሁ ብታስቀምጡት ይመረጣል።

ወንጭፍ የያዙ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ዘዳግም 22፥6 እና 7ን ከእነርሱ ጋር አንብቡ። ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ሕግ ነው፤ በመንገድ ላይ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆችዋ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ይከለክላል። ከሕጉ ቀጥሎ የተጻፈውን ተስፋም እንዳታልፉት። እነርሱ ካነበቡት በኋላ ወንጭፉን ቀምታችሁ ደብተር ስጧቸው፤ በሳምንት ውስጥ ከእናንተ የበለጠ ጎጆ ያገኛሉ።

ስለ ባግላፌክት በር ያልነውን አልዘነጋነውም። ቡፎን የጻፈው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በወሬ ሰምቶ ነው፤ እናንተ ግን በግቢያችሁ አላችሁ። ሰኔ ሲገባ ሣሩ ይለመልማል፤ ሸማኔዎቹም ሥራ ይጀምራሉ። ከቢቸናም ከሞጣም፣ ያገኛችሁት ጎጆ በምን ዛፍ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ውኃ መኖር አለመኖሩን፣ በሩም ወዴት እንደዞረ ጻፉልን። ፀሐይ ስትወጣ ፊታችሁን ወደ እርሷ አድርጋችሁ ቁሙና ቀኝና ግራውን ከዚያ አስሉት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ የደረሰንን በዚሁ ዓምድ እናወጣለን።